የኑሃ ክትትል

ገለኔ የሥልጠናው አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደሟ ፈልቷል። መቱ ውስጥ ባለችው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ለቤት ኅብረት መሪዎች ሥልጠና መሰጠት የተጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ያን ዕለት ወንጌላዊ ወልደ የሱስ «አዲስ አማኝ ክትትል ይፈልጋል» ብለው አስተማሩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው «አሜን» አለ፤ ክትትል ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ብዙው ሰው ቤት ሄዶ መጠየቅ፣ አብሮ መጸለይ፣ ሲያዝኑ አብሮ ማዘን ብሎ ያዘው። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጸጋአብ ደግሞ እንደ ሰላይ ጥግ ይዞ ማየት መሰለው።

አሁን ይኸው ሰውዬ ፊት ወጥቶ ሪፖርቱን ያሰማል። ሪፖርቱ ስለ ኑሃ ነው። ኑሃ ገለኔ በምትመራው ኅብረት ውስጥ ያለች አዲስ አማኝ ናት፤ ጌታን ከተቀበለች መንፈቅ አልሞላትም፣ ነገ እሑድ ልትጠመቅ ቀን ተቆርጦላታል። የጨርቅ ነጋዴው የጋሼ ሰማን ልጅ ናት። እምነቷን ስትለውጥ ቤተሰቡ አኩርፏት፣ ወንድሟ ኢክረማ ሰላምታ እንኳ ነፍጓት ኖሯል። ሐሙስ ዕለት ጋሼ ሰማን አረፉ። ያኔ ኩርፊያው ሁሉ ቀረና ኑሃ ከእናቷ ጎን ቦታ ተለቀቀላት።

ጸጋአብ ትናንት ከለቅሶ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ጥግ ሆኖ ያየውን ዘረገፈው። ኑሃ ተከናንባለች። ሙስሊሞቹ ዱዓ ሲያደርጉ ተነሥታ አልወጣችም። ይባስ ብሎ ጀርባዋን ለመንገዱ የሰጠች አንዲት የተከናነበች ሙስሊም ትከሻ ላይ ተደግፋ ስታለቅስ ነበር።

«ወደ ኋላ ተመልሳለች» ሲል ደመደመ። የተናገረው በአዘኔታ ድምፅ ነው፤ ገለኔን ይበልጥ ያበገናትም ያ አዘኔታው ነው።

ወንጌላዊው አንገታቸውን ነቀነቁና ጥምቀቷ ለጊዜው ይቆይ እንደሆነ ቤቱን ጠየቁ። ጥቂት እጆች ወጡ። እንግዲህ አባቷን ትናንትና የቀበረች ልጅ በሌለችበት እጅ ይወጣባታል! ገለኔ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም።

«ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አለች ተነሥታ።

ጸጋአብ አልገባውም። የትኛዋ ሴት ብሎ ጠየቃት።

«ትከሻዋን የሰጠቻት። የተከናነብኩት ነጠላዬን ነው። ለቅሶ ቤት ምን ሆኜ ልሂድልህ፣ ፀጉሬን ተተኩሼ?»

በዚህ አላበቃችም። እዚያ ቤት ድንኳን የተከለው፣ ውሃ የቀዳው፣ እናቲቱን ደግፎ የዋለው ጎረቤት ነው፤ ከዚህ አዳራሽ ግን ከእሷ በቀር ደጃፉን የረገጠ የለም። የኑሃ አክስት እትዬ ኡሙልኸይር ያንቺ ሰዎች የት አሉ ብለው ሲጠይቋት፣ ኑሃ ሳይሰሙ ቀርተው ነው ብላ ዋሸች። ለእነሱ ስትል ዋሸች። ይህን ስትናገር የገለኔ ድምፅ ተሰበረ፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«ክትትል ማለት መንገዱን ተሻግሮ አጠገቧ መቀመጥ ነበር። በሉ ካኣ! ተነሡ፣ እንሂድ።»

ወንጌላዊ ወልደ የሱስ ሥልጠናው ይለቅና ሊሉ ዳዳቸው፤ ፊቷን አይተው ተዉት። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው፣ የኑሃ ጥምቀት እንደ ተቆረጠው ነው፣ ይህ ነገር ዳግመኛ እንዳይነሣ ብለው ቀድመው ወጡ። ሰዉ ተከተለ። ጸጋአብ ከኋላ ከኋላ ተጎተተ።

ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ኑሃ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየቻቸውና ለቅሶዋ እንደ አዲስ አገረሸ። ኢክረማ ከድንኳኑ ወጥቶ እያንዳንዳቸውን እየጨበጠ አስገባ። ጸጋአብ ዘንድ ሲደርስ እጁን ይዞ ቆመ።

«ትናንት ከማዶ ቆመው ነበር፣ አይደል?» አለው። «መግባት አፍረው ነው ብለን ወንበር አወጣንልዎት። ልንጠራዎት ስንል ሄዱ።»

ይህን ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀለት።