የተሰረዘውም ይቀመጥ

ቀንቼ አላውቅም ብሎ የሚምል ሰው አላምንም። እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም በአካል አይቻት በማላውቃት ሴት፣ ያውም በጭቃ ድቡልቡል።

ስሜ ቴዮ ቡን ሆክ ነው። ፔናንግ ውስጥ ባያን ሌፓስ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች በአንዱ ማሽን እጠግናለሁ። ከሥራ ስወጣ ግን «አስር ጣት» የሚባል የኢንተርኔት መድረክ ላይ ከቀደምቶቹ አንዱ ነኝ። እዚያ የምንገናኘው ከሴቡም ከባንዱንግም ከሳይጎንም ሆነን፣ ለኮምፒውተር አዲስ መጻፊያ በገዛ እጃችን የምንሠራ ሰዎች ነን። በእግር የሚረገጥ አለ፣ በትንፋሽ የሚሠራ አለ። ጤነኛ ሰው የተለመደውን ኪቦርድ ገዝቶ ይገላገላል፤ እኛ መገላገል አንወድም።

አንድ የማይሻር ሕግ አለን። መሣሪያህ ስም ካላቸው መሣሪያዎች ዝርዝር የሚገባው አንተ ስላሞገስከው አይደለም። ሌላ ሰው ንድፍህን ተከትሎ መሥራት፣ ሰባት ቀን ሌላ ሳይነካ በሱ ብቻ መጻፍ፣ ከዚያ ምስክርነቱን በዚያው መሣሪያ ጽፎ ማውጣት አለበት። ማንም እንዳያጭበረብር፣ ምስክርነት ሲጻፍ እያንዳንዷን የቁልፍ ንክኪ የምትመዘግብ ፕሮግራም አለችን፤ መዝገቧም ከጽሑፉ ሥር ይለጠፋል። ያቺን ፕሮግራም ከስድስት ዓመት በፊት የሠራኋት እኔ ነኝ። «የተሰረዘውም ይቀመጥ» ብዬ የተሟገትኩትም እኔው ነኝ። የመሣሪያ ጉዱ የሚታየው በሚያሰርዘው ነውና።

የኔ መሣሪያ ሸርጣን ይባላል። ከአልሙኒየም የተቀረጸ፣ አስር ቁልፍ ያለው፣ በአንድ እጅ የሚሠራ ነው፤ ሁለት ሦስቱን ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን አንድ ፊደል ይወጣል። ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ንድፉን ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። «አንክል፣ እጅዎ ይባረክ» የሚለኝ ሞልቷል። ሠርቶ የሞከረው ግን አንድ ሰው የለም። ዝርዝሩን በየጠዋቱ እከፍታለሁ፤ ሸርጣን የለበትም።

ከዚያ ኖርሀስሊንዳ መጣች። ኮታ ባሩ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ከሞተር ሳይክል ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ነበር። አረንጓዴ የቅርጻ ቅርጽ ጭቃ በመዳፏ ጨብጣ አደረቀችው፣ የጣቶቿ ጫፍ ባረፈበት ላይ ከአሮጌ የኮምፒውተር ማውስ የነቀለቻቸውን መጫኛዎች ቀበረች፣ አበቃ። አረንጓዴና ድቡልቡል የሆነውን የአገራችንን ጣፋጭ ስለሚመስል በዚያው ስም ኦንደ-ኦንደ አለችው። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ሠራው። አሥራ አንድ።

«አሁንም እሷን ነው የምታየው?» አለችኝ ባለቤቴ ሲው ኪም እሁድ ጠዋት፣ ለላክሳ ሾርባ የቀቀለችውን ዓሣ እሾህ እየለቀመች።

«ሥራዋን ነው።»

«ወይ ጉድ! የሰው ሚስት ባሏ ሴት አየ ብላ ትቀናለች። የኔው ግን ራሱ በሴትየዋ ይቀናል።»

«ማን ቀና? የጭቃ ድቡልቡል እኮ ነው።»

«እንግዲያው ተዋታ።»

አልተውኳትም። ኦንደ-ኦንደን ሠርቼ፣ ሰባት ቀኔን ጨርሼ፣ በሕጉ መሠረት ጉዱን ላወጣ ወሰንኩ። የቀደምት ሰው ምስክርነት ይደመጣል። የኔ ሸርጣን ለሠሪው ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ የሷ ድቡልቡል በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ይህም አበሸቀኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተንገዳገድኩ፣ ደስም አለኝ። በሦስተኛው ቀን የፋብሪካውን የጥገና ሪፖርት በሱ ጻፍኩ። በአምስተኛው ቀን ምሳዬን በአንድ እጄ እየበላሁ በሌላው ስጽፍ ራሴን ያዝኩት። ትንሿ ጣቴ፣ በሸርጣን ሁሌ የምትጠዘጥዘኝ፣ ዝም ብላለች። ጣቴ እንኳ ከሷ ጋር አበረች።

በሰባተኛው ቀን ምስክርነቴን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝን ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት፤ እንደገና ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። በመጨረሻ ያወጣሁት አጭር ነበር፦ «ጭቃው በላብ ይሟሟል። ለረጅም ሥራ አይሆንም። መጫወቻ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።» ሦስቱም ውሸት ነው። ለጥፌው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ የሴቡው ክሪሳንቶ፣ የመድረኩ ቀልደኛ፣ ጽፎ ጠብቆኛል።

«አንክል፣ መዝገብዎ በደቂቃ አርባ አንድ ቃል ይላል። በሸርጣን እኮ ሠላሳ ሦስት ነበሩ። መጫወቻው ሮጠብዎት እንዴ?»

ቀጥሎ ሌላ፦ «ስህተት ሦስት፣ የተሰረዘ ፊደል አራት መቶ አሥር። ሦስት ስህተት ለማረም ይህን ሁሉ ማጥፋት ምን አመጣው? መዝገቡን ልክፈተው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁላችንም የምናየው ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ነበር፤ መዝገቡን እስከ ታች የገለጠ ሰው አልነበረም። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይላሉ። እኔ አርቄ ምሼው ነበር። ክሪሳንቶም ከፍቶ፣ የሰረዝኩትን ሁሉ አደባባይ ላይ አሰጣው፦

«ይህን ነገር የጠላሁት ስላስቀናኝ ነው። ሸርጣኔን በሁለት ዓመት አንድ ሰው አልነካውም። እጄ ከዚህ ጭቃ መላቀቅ አልፈለገም። እኔ ለምን አላሰብኩትም?»

ሳቁ ከሳይጎን እስከ ባንዱንግ ተሰማ። ክሪሳንቶ ራሱ ኋላ ደንግጦ «ይቅርታ አንክል፣ አበዛሁት» አለ። ኖርሀስሊንዳ ግን ምንም አልጻፈችም። ሳቋን ብሰማ በቀለለኝ። አንድ ሳምንት መድረኩን አልከፈትኩም።

«ሞተሃል ወይስ አኩርፈሃል?» አለችኝ ሲው ኪም።

«አፍሬያለሁ።»

«እሱ ይሻላል» ብላ ስልኩን እጄ ላይ አኖረችው። «ሂድና ስድብህን ተቀበል።»

ስከፍተው ሸርጣን ዝርዝሩ ላይ ነበር።

ስሜ ከነመሣሪያዬ፣ ከሥሩም የመስካሪዋ ስም፦ ኖርሀስሊንዳ። ፎቶውን አየሁ። የድስት ክዳን ቆርጣ ነው አልሙኒየሙን ያገኘችው፤ የክዳኑ እጀታ የተነቀለበት ቀዳዳ እንኳ ይታያል። እንዲህ ይላል ምስክርነቷ፦

«አንክል ቴዮ፣ ሸርጣንን የሠራሁት ንድፉን ባወጡ በአራተኛው ወር ነው። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ጣቴ አብጣ ተውኩት፤ ሰባት ቀን ሳይሞላ መመስከር አይፈቀድምና ዝም አልኩ። የአውራ ጣቱ አቀማመጥ ግን ከእጄ አልወጣም። ኦንደ-ኦንደ ላይ ያለው አውራ ጣት የእርስዎ ነው፤ ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም። አሁን ሰባቱን ቀን ጨርሻለሁ። ትንሿ ጣት አሁንም ያማል። ያስተካክሉት።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ዓመት የለፋሁበት፣ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይኸው መጣ፤ ያመጣችውም እሷው፣ ያውም እውነቱን ይዛ። የራሷ ነው ልትለው የምትችለውን እንኳ የእርስዎ ነው አለችኝ። ደግነቷም አስቀናኝ።

ከዚያ ማንም እንዳያየኝ ዞር ብዬ አይቼ መዝገቧን እስከ ታች ገለጥኩ። አንድ የስድብ ቃል ብትሰርዝ እኩል እንሆን ነበር።

ስድብ አልነበረም። መጨረሻው ላይ፣ «ያስተካክሉት» ካለች በኋላ፣ አንድ ቃል ጀምራ አበላሽታለች። ሰረዘች። እንደገና ጀመረች፣ ትንሿ ጣት የምትጫነው ቁልፍ ላይ ስትደርስ ሳተች፣ ሰረዘች። ቆጠርኩት፤ አሥራ አራት ጊዜ። ከዚያ ትታዋለች። ቃሉ «አመሰግናለሁ» ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለቱም ተቀምጠዋል። ሸርጣንን ገለበጥኩና የትንሿን ጣት ቁልፍ ብሎን ፈታሁ። ከዚያ ጭቃውን ጨብጬ ያን ቃል ጻፍኩላት። በአንድ ጊዜ ወጣ።