የግራር ከሰል

ፈንታነሽ ሞጣ ገበያ የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ሁሉ አስፈታች። ሁለት ሁለት ከሰል እያነሳች ታጋጫለች፤ እንደ ብረት ካልጮኸላት ትወረውረዋለች።

«ላዩን ግራር ደርድራችሁ ሥሩን ባሕር ዛፍ ትሞላላችሁ? እንግዳ ፊት እየተንጣጣ ሊያዋርደኝ!»

ሻጮቹን ልክ ልካቸውን ነግራ ስትጨርስ ቢቸና ገጠር ለሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ለሰማው ደወለች። «ለልጄ ምርቃት ሥጋ የምጠብስበት ግራር ካላመጣህ ደጄን እንዳትረግጥ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

በምርቃቱ ዕለት ሰማው አንድ ማዳበሪያ ከሰል ተሸክሞ መጣ። አጋጨችው፤ እንደ ቃጭል ጮኸ። ጓሮ ወስዳ አቀጣጠለችው፤ ጭስ የለው፣ መንጣጣት የለው። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈካ።

«እሰይ የኔ ወንድም! እንዲህ ያለ ግራር ከየት አገኘህ?»

«የአባባ ነዋ። ከደጃፋቸው የነበረው።»

ማራገቢያው ከእጇ ወደቀ። አባታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጥላው ሥር ተቀምጠው ስንቱን ባላንጣ ያስታረቁበት ዛፍ!

«እጅህን ይቁረጠው! ምን አባክ ቆርጦህ ነው የነካኸው?»

«እታለም፣ ያገሬው ዛፍ ሁሉ እኮ ባሕር ዛፍ ሆኗል። የቀረው ግራር እሱ ብቻ ነበር።»

ፈንታነሽ ወደ እሳቱ ዞረች። ከሰሉ እሷ እንደምትወደው፣ ሳይጨስ፣ ሳይንጣጣ ፍም ሆኗል።