አራተኛው የታንኳ ቦታ

ትሂድ፣ ቲጂ ትሂድ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ከዌምብሊ ጣቢያ እስከ ቤቷ አስር ደቂቃ መራመድ ሰልችቷት ታክሲ የምትጠራ ልጅ አስራ አንድ ቀን ታንኳ ልትቀዝፍ፣ በካናዳ ጫካ፣ ቤት በሌለበት፣ መንገድ በሌለበት፣ ድብ ባለበት ወንዝ ላይ፣ ያውም እኔ ባጠናሁት ወንዝ፣ እኔ በመረጥኩት ቀን፣ እኔ በግራም ለክቼ ባዘጋጀሁት ስንቅ፣ በእኔ ቦታ። በእኔ ቦታ! የልጄ ጓደኛ ስለሆነች ብቻ። ትናንት ደግሞ ሃይሚ በስልክ፣ የገዛ ልጄ፣ ማሚ፣ አራተኛው ቦታ ለቲጂ ሊሆን ነው፣ አንቺ ድመታችንን ትመግቢልናለሽ አይደል? ድመት። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኖሬ፣ ካርታ አነባለሁ፣ የውሃ ፍጥነት በመጽሐፍ አጥንቻለሁ፣ ድመት መጋቢ።

ረጋ በይ ሙሉነሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃይሚና እጮኛዋ ቤንጃሚን ይመጣሉ፣ የስንቁን ዝርዝር ጨርሰሽ አስረክቢ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይሁኑ። በሶ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል። ቆሎ፣ ገብስና ሽምብራ። ድርቆሽ በፕላስቲክ ታሽጎ። ቋንጣ። ሽሮ። ቤንጃሚን መጀመሪያ ያመጣው ምን ነበር፣ የጨረቃ መንገደኛ የሚበላው የሚመስል የብር ወረቀት ከረጢት፣ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ፓስታ እሆናለሁ የሚል፣ አይሆንም፣ ቀምሼዋለሁ። ሰው ነዳጅ ባያገኝ፣ እንጨቱ በዝናብ ቢርስ፣ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ቆሎ እሳት አይጠይቅም፣ ይህን ያስረዳሁት እኔ ነኝ፣ እሱም አፉን ከፍቶ ሰማኝ፣ ጂኒየስ አለኝ፣ ጂኒየስ ብሎ ለማን ሰጠው ቦታውን።

ካርታው ጠረጴዛውን አልፎ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል። እሱ ነው የገዛው፣ አልክድም፣ ግን ካርታ መግዛትና ካርታ ማንበብ አንድ ነው እንዴ? ፏፏቴ ባለበት ሁሉ በቀይ እርሳስ ያከበብኩት እኔ፣ ታንኳው ከውሃ ወጥቶ በትከሻ የሚታለፍበትን መንገድ፣ ፖርቴጅ የሚሉትን፣ እኔ የሸክም መንገድ የምለውን፣ አንድ በአንድ በእርምጃ ቆጥሬ የጻፍኩት እኔ። እዚህ ጋ ወንዙ በደሴት ለሁለት ይከፈላል፣ በቀኝ በኩል የሄደ ተመልሶ አይወጣም። በቀኝ አትሂዱ ብዬ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ቲጂ ቀኝና ግራዋን ታውቃለች?

ነገሩ የተነሳው ገና ዕለት ነው፣ እዚሁ ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ፣ እዚሁ ወጥ ቤት፣ ቤንጃሚን ከሠርጉ በፊት ቤተሰብ የሚያደርገን ነገር እንሥራ አለ፣ ሁለት ታንኳ፣ አራት ሰው፣ እሱና ሃይሚ፣ ወንድሜ ደግፌ፣ እና፣ አለና ወደ እኔ አየ። አየኝ እኮ። በነጋታው ላይብረሪ ሄድኩ፣ ስለ ሰሜን ጫካ ያላችሁን ስጡኝ አልኩ፣ ሦስት መጽሐፍ ተሸክሜ ወጣሁ፣ መዝገበ ቃላቱን ከጎን አድርጌ፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሥራ ላይ በምሳ ሰዓት፣ አውቶቡስ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር አነበብኩ። መጽሐፉ የሚለው፣ ለቀናት ያው አንድ ዓይነት ጥቁር ጥድ፣ ግራም ቀኝም፣ ውሃው ከዛፉ ሥርና ከረግረጉ ቀለም ወስዶ እንደ ሻይ የቀላ፣ ጠዋት ጭጋግ፣ የአእዋፍ ጩኸት፣ ሌላ ምንም፣ ምንም! የሥራ ጓደኛዬ አልታየሽ፣ አብራኝ የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ላይ የምትደረድረዋ፣ አንቺ ሴትዮ ሻይ የመሰለ ውሃ ለማየት ነው ውቅያኖስ የምትሻገሪው፣ እዚሁ አፍልቼ አልሰጥሽም ወይ ብላ ስትስቅብኝ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ አልኳት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ወደሚሄድበት ሁሉ ምሳውን አሽጌ የላክሁ ሴት ነኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ምሳው እኔን ይከተለኝ።

የውሃ ዋናውስ? ማንም አያውቅም ዋናውን። ከጥር ጀምሮ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ሰዓት፣ ከቤንጋሊ አያቶች ጋር፣ አስተማሪዋ የልጄ እኩያ፣ የሚያንሳፍፈውን ስፖንጅ አቅፈሽ እግርሽን ምቺ፣ ምቺ፣ ክሎሪኑ አፍንጫዬን እያቃጠለኝ፣ መጀመሪያ ቀን ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ ማርያም ማርያም ብዬ ጮኼ ገንዳው ሙሉ ዞሮ አየኝ። አሁን ሃያ አምስቱን ሜትር እጨርሳለሁ። ቀስ ብዬ። ለድመት ነው ይሄ ሁሉ?

እና ቀኑ! ቀኑን ማን አዛወረው? ቤንጃሚን ኦገስት ስምንት ብሎ ነበር፣ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ፣ እኔ ነኝ ወደ ሃያ ሦስት ይሁን ያልኩት፣ ያኔ ትንኙ ይቀንሳል አልኩ፣ እውነትም ይቀንሳል፣ መጽሐፉም ይላል፣ ግን ለትንኝ ብዬ አይደለም፣ ጾሙ እንዲፈታ ነው፣ ማነው ከመካከላቸው ፍልሰታን የሚጾመው? ሃይሚ አትጾም፣ ደግፌ በሦስተኛው ቀን የሚፈታ፣ ቲጂ ጴንጤ፣ ቤንጃሚን ፈረንጅ። ለማን ብላ ነው ይህች ሴት ቀን የምታዛውረው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ? አንድ?

ስልኩ። ሃሎ። ደግፌ ነው፣ ከመኪናው ወርዶ መንገድ ዳር ካለው ስልክ፣ እትዬ፣ ቆሎው ላይ ለውዝ ጣል አድርጊበት እሺ፣ ባለፈው ያለ ለውዝ አድርገሽ ጥርሴን ጨረስሽው። ለውዝ። ደግፌ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እኔ ለምንድን ነው የማልሄደው? እንዴ፣ አልሄድም አልሽ'ኮ። መቼ ነው ያልኩት? ዳግም ትንሣኤ እራት ላይ ነዋ፣ ቤንጃሚን ትመጫለሽ ወይ ሲልሽ፣ ተዉኝ፣ እናንተ ልጆቹ ሂዱ አላልሽም? አዎ ብያለሁ፣ አንተስ አጠገቤ ተቀምጠህ ምን ሠራህ፣ አጥንት ስትግጥ አልነበር፣ እንዴ ሙሉ፣ ያላንቺማ አይሆንም ማለት አቃተህ? እኔ ምን አውቄ! እትዬ፣ ሃያ ዓመት ለንደን ኖረሽ አሁንም ሦስት ጊዜ ካልለመኑሽ አትጎርሺም? ባለጌ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩህ። ታዲያ ደውይለትና ንገሪው። ልለምነው? ደውዬ ለምኜ ልሂድ? እሺ፣ ካልደወልሽ ከቲጂ ጋር አንድ ታንኳ ላይ ነኝ፣ በሁለተኛው ቀን ወይ እሷ ትሰምጣለች ወይ እኔ እራሴን አሰምጣለሁ፣ ሳንቲሜ አለቀ፣ ለውዙን እንዳትረሺ። እየሳቀ ዘጋው።

ሳቁ እንደ ልጅነቱ ነው። የተጠየቅኩት በእርግጥ ሁለቴ ነው፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ትመጫለሽ አለኝ፣ ኧረ ተዉኝ አልኩ፣ እርግጠኛ ነሽ አለኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አልኩ፣ እየሳቅኩ፣ ሳህን እያነሳሁ፣ ሦስተኛውን እየጠበቅኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አሁን ይላል፣ አሁን ሃይሚ ትላለች፣ አሁን። እሺ አለ ቤንጃሚን። ካስተማርነው አማርኛ ሁሉ አጥርቶ የሚናገራት እሷ ብቻ ናት፣ እሺ። ብዕሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ አንዱ ይመለስበታል ብዬ ቀይ እርሳስ ቀረጽኩ።

ደሴ። ለምን አሁን ደሴ ትመጣብኛለች። ጋሼ እንግዳወርቅ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ እንግዳ ቤት ሞልቶ፣ እጅ ሊታጠቡ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜ፣ አንዳችሁን ወስጄ አስተምራለሁ፣ ይቺ ልጅ ስድስተኛን አንደኛ ወጥታለች አሉኝ፣ ሙሉነሽ፣ ትሄጃለሽ? አስራ አራት ዓመቴ ነው፣ በባዶው እጄ የቀሚሴን ጫፍ እየጠቀለልኩ፣ ሰው ፊት አዎ ብሎ መመለስ የት ያደግኩበት ነው፣ ደግፌ ይሂድ አልኩ። ልክ እንደተማርኩት። አይ አንቺ ነሽ ይላል ብዬ። ጋሼ ሳቀና እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነ፣ እዩዋት፣ ምን የመሰለች ልጅ አሳደጋችሁ አለ፣ እንግዶቹ ሁሉ መረቁኝ፣ እናቴ በኩራት አለቀሰች፣ በነጋታው ከንጋት ጀምሮ የደግፌን ጫማ ቀለም ስቀባ ዋልኩ ማለት ይቻላል። ተመረቅኩ። ምርቃቴን ይዤ ቀረሁ። ያን ጊዜ ማንን ተቆጣሁ? ማንንም። ቁጣውን ሠላሳ አምስት ዓመት አስቀምጬ አሁን በአንድ እንግሊዝ ላይ ልደፋው ነው።

ይደፋበት! ምን ያህል ቢሰንፍ ነው ሦስተኛ የማይጠይቀው፣ ምላሱ ነው የሚያልቀው?

የበሩ ደወል። ገና ሰዓቱ ሳይደርስ፣ እነዚህ ሰዎች ቀድመው ነው የሚመጡት። ቤንጃሚን ብቻውን ነው፣ መነጽሩ ላይ ዝናብ ጠብ ጠብ ብሎበት፣ ሃይሚ ፓርኪንግ ፍለጋ እየዞረች ነው ይላል፣ ወዲያው ካርታው ላይ ጎንበስ አለ። ቀይ እርሳሱን በጣቱ እየተከተለ፣ ደሴቱ ጋ ቆመ፣ በግራ፣ አለ። በግራ፣ አልኩት። ከቦርሳው ፎርም አወጣ፣ ታንኳ አከራዮቹ ዛሬ በፋክስ ይላክልን ብለዋል፣ ሦስት ስም በብዕር፣ አራተኛው ቲጂ፣ በእርሳስ፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት። አይቼ እንዳላየሁ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ዝርዝር ሰጠሁት፣ እንካ፣ ስንቃችሁ፣ ስንቃችሁ ስል ጠበቅ አደረግኳት፣ አልገባውም።

ያነባል። ሁሉን ነገር ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው ነው፣ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ። ሙሉ፣ ይላል በእንግሊዝኛው፣ እዚህ ጋ አልገባኝም። የቱ ጋ? ረቡዕና አርብ። ለሦስት ሰው ቋንጣ አለ፣ ለአራተኛው ሽሮና ቆሎ ብቻ፣ ሁለቱም ሳምንት እንደዚያው ነው፣ ቲጂ ረቡዕና አርብ ሥጋ አትበላም እንዴ?

አምላኬ። የገዛ እጄ። ስጽፈው አላየሁትም፣ ሁለት ወር ሙሉ ደምሬ ቀንሼ አላየሁትም፣ ቲጂ በዕለተ ስቅለት ዶሮ የምትበላ ልጅ ናት፣ የረቡዕ ሽሮ የማን ነው? ውሸት ፈልጊ፣ ሙሉነሽ፣ ተሳሳትኩ በይ፣ አስተካክላለሁ በይ፣ ወረቀቱን ተቀበይው። ይጠብቃል። መነጽሩን እንኳ አልጠረገም።

የኔ ነው፣ እላለሁ።

ዝርዝሩን ካርታው ላይ አኖረ። ከዚያ፣ መምጣት ትፈልጊያለሽ ማለት ነው? ይኸው ይሉኝታዬ መጣች፣ ካላስቸገርኩ፣ ቲጂ እንዳታዝን፣ እንግዲህ ካላችሁ፣ ተሰልፈው መጡ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ያበላኋቸው ናቸው። አዎ፣ አልኩት።  ከገና ጀምሮ እፈልጋለሁ፣ ለምን ደግመህ አልጠየቅከኝም? ጠየቅኩሽ እኮ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አይሆንም አልሽኝ፣ ሦስተኛ ብጠይቅሽ ቃልሽን አላምንሽም ማለት ይሆናል፣ የሃይሚን እናት እንዲህ ማድረግ አልቻልኩም። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። አቤት፣ አክብሮኝ ነው እንግዲህ ያስቀረኝ፣ ይሄም አክብሮት ሆነና፣ ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፣ ቁጣው አለ፣ ሙሉው አለ፣ ግን የሚያርፍበት አጣሁ፣ ይህ ሰው የነገሩትን ያምናል፣ ያልነገሩትን አያውቅም፣ ልጄን ለዚህ ሰው ነው የምድረው፣ መልካም፣ ከዚህ የባሰ ሞልቷል።

ላጲስ ጠየቀኝ። የቲጂን ስም አጠፋ፣ አክስቷን ልታይ እዚያው ዌምብሊ ብትቀር አትጠላም፣ ሃይሚን ላለማሳዘን ብላ ነው እሺ ያለችው አለኝ፣ እሷም! ሌላዋ! ሁላችን ይሄው ነን፣ አንዷ እሺ ብላ ሳትፈልግ ትሄዳለች፣ አንዷ እምቢ ብላ እየፈለገች ትቀራለች። ስሜን ጻፈ፣ በብዕር። ክብደት፣ ዕድሜ፣ ነገርኩት፣ አልቀነስኩም። ሃይሚና እኔ በአንደኛው ታንኳ፣ ይላል፣ አንቺና ደግፌ በሁለተኛው፣ ከፊት ትቀመጫለሽ ወይስ ከኋላ? ከኋላ ያለው ነው የሚመራው፣ አውቃለሁ፣ ምዕራፍ አራት፣ ከፊት ያለው ጉልበቱን ይሰጣል፣ ከኋላ ያለው ውሃውን አንብቦ ይወስናል፣ ቀኝ ወይስ ግራ። የትም ይሁን፣ እንዳደረጋችሁኝ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት፣ ሞቃለች፣ ልትወጣ ነው።

ከኋላ።

ከኋላ አድርገኝ፣ ደግፌን ከፊቴ አስቀምጠው፣ ዞሮ ቢያወራ በመቅዘፊያው እነካዋለሁ። ቤንጃሚን ይስቃል፣ ይጽፋል። ከታች በሩ ተዘጋ፣ የሃይሚ ጫማ ደረጃው ላይ፣ አንድ ፎቅ፣ ሁለት፣ እየሮጠች ነው፣ ማሚ ብላ ትገባለች፣ ፎርሙን ታያለች፣ እንዴ ማሚ፣ አንቺ ነሽ የምትሄጅው ትላለች፣ ትበል፣ ትግባ፣ ትጠይቀኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትጠይቀኝ።