የያርጋል ላንድሮቨር

ያርጋል ደባርቅ ላይ መኪና ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው። አዲስ መኪና ጋራዡ በገባ ቁጥር ኮፈኑን ከፍቶ ይበሳጫል። «እነዚህ ፋብሪካዎች ምን ነክቷቸው ነው? ሞተሩን የአሁኑን፣ መልኩን የድሮውን አድርገው ቢሠሩልን ምን ነበረበት?» ይላል። ሰሚው ሁሉ «እውነትህን እኮ ነው!» ይለዋል። ያርጋልም አመናቸው፤ የዋህ!

ግቢው ውስጥ ሣር የበቀለባትን የድሮ ላንድሮቨር አነሳና ከተገለበጠ ፒካፕ የወጣ አዲስ ሞተር ገጠመላት። ፍሬኗን፣ መሪዋን፣ ካምቢዮዋን ለወጠ። አካሏን ግን አልነካም፤ ያው ክብ መብራት፣ ያው ቀጥ ያለ ቆርቆሮ። ክረምቱን ሙሉ ለፍቶ ሲጨርስ ወደ ተራራው ፓርክ የሚያወጣውን የሳንቃ በርን ዳገት ሳታቃስት ወጣችለት።

ከተማው አበደላት። ኮፈኗን ሳይደባብስ የሚያልፍ ጠፋ። ቱሪስቶቹም ፎቶ ያነሷትና ወደ ፓርኩ የሚወጡት በሌላ፣ በአዲስ መኪና ነው። ያኔ መንቃት ነበረበት። እሱ ግን ልቡ ያለው በልጁ በሰብሌ ሠርግ ላይ ነበር። የሙሽራዋን መኪና የሚያመጣው የወንድ ወገን ቢሆንም፣ ያርጋል ለሙሽራው ለምሥጋናው ቀድሞ ነግሮታል፤ ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በእጄ ሥራ ነው ብሎ። ምሥጋናውም የዳባት አስተማሪ ነውና በጨዋ ደንብ «እንዴት ያለች መኪና ናት ጋሼ!» አለው። ያርጋል ይህንን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

በሠርጉ ቀን ከጎንደር የተከራየች ነጭ መኪና ሪባን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

ያርጋል ልጁን ወደ ጓዳ ጠራት። «ምነው ልጀ? የኛዋ ታጥባ፣ አበባ ታስሮላት ቆማለች እኮ።»

ሰብሌ አንገቷን ደፋች። «አባየ፣ አይቀየሙኝ። ቆንጆ ናት። ግን የዳባት ሰው በአሮጌ መኪና መጣች ይለኛል።»

«አሮጌ? ሞተሯ ከዚያች ነጯ ይበልጣል!»

«ሞተሩን ማን ያየዋል አባየ?»

ስንት ዘመን ፋብሪካዎቹን ሲጠይቅ የኖረውን የገዛ ልጁ መለሰችለት፤ ያውም በሠርጓ ቀን፣ ያውም ሳትቆጣ። ተከትሏት ወደ ደጅ ወጣ።

«ፎቶው ግን በአሮጌዋ ይሁን!» አሉ ሚዜዎቹ። ሰብሌ በነጭ ቀሚሷ መብራቱን ተደግፋ ቆመች። እውነትም ታምራለች። ያርጋል አጠገቧ ሊቆም ሲጠጋ ፎቶ አንሺው እጁን አወዛወዘ።

«አባት፣ ትንሽ ገለል ይበሉልኝ፤ መኪናዋን ከለሏት።»

ገለል አለ። ፎቶው አለቀና ሙሽሮቹ ነጯ ውስጥ ገቡ። ጡሩንባ እየነፉ ወደ ዳባት ወረዱ።

ያርጋል ከላንድሮቨሯ የፊት ብረት ላይ የቀረውን አበባ እየለቀመ ሳለ ጎረቤቱ ሻረው ጠላውን ይዞ ብቅ አለና እንደ ልማዱ ኮፈኗን ደባበሰ።

«አይ ያርጋል! እነዚያ ፋብሪካዎች እንዲህ ያለች መኪና ለምን አይሠሩም ግን?»

«ጅል ስላልሆኑ!» አለ ያርጋል።