ፀጉሬን ማን ያጥባል

ሐኪሟ ነጭ ወረቀት ስበው ሁለት ጡት ሣሉ፤ አንዱ እንደ እኔው የወረደ፣ ከጎኑ ያለው ከፍ ያለ። በሁለተኛው ላይ ጠባሳው የሚያርፍበትን በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩ፤ በጫፉ ዙሪያ ክብ፣ ከክቡ ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥር ባለው እጥፋት ላይ አንድ አግድም።

«ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም» አሉ። «ጠባሳ አላይም የምትል ሴት ከመጀመሪያው ባትሠራው ይሻላታል። ደግሞ እኔ አነሣዋለሁ እንጂ አልጨምርበትም። ትልቅ ይሆንልኛል ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ አይሆንም።»

«ትልቅስ በቅቶኛል» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። መካኒክ ነው። ለዚህ ቀጠሮ ብሎ እጁን ሲፈትግ ነው ያደረው፤ ግራሶው ግን ከጥፍሩ ሥር አልወጣለትም።

«ዋስትናው ለስንት ጊዜ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ አፈርኩ፤ ሐኪሟ ሳቁ። «የመሬት ስበትን የማስቆም ችሎታ የለኝም ልጄ። ዕድሜ መጎተቱን አይተውም። ክብደት ሲጨምርና ሲቀንስም ቅርጹ ይለወጣል። የጫፉ ስሜትም ሊደነዝዝ ይችላል፤ ብዙዎቹ ላይ ይመለሳል፣ አንዳንዶቹ ላይ ይቀራል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ይጠይቁኝ ጀመር። ሲጋራ ታጨሻለሽ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ? በቤተሰብ የጡት ካንሰር አለ? የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ ስለምውል እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስጨንቀኝም። ለማን ብለሽ ነው የምትሠሪው ሲሉኝም «ለራሴ» አልኩ። እውነቴን ነው። የጡት መያዣዬ ማሰሪያ ትከሻዬ ላይ ቦይ ቆፍሯል። በሙቀት ጊዜ ከሥሩ ይልጠኛል። ገላዬን ስታጠብ ለመስታወቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው።

«ሌላ ልጅ ታስባላችሁ?»

«አይ» አልኩ።

«አዎ» አለ ባሌ።

እኩል ነው የተናገርነው። ሐኪሟ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩና የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጠሙ።

«እርግዝና የሠራሁትን መልሶ ያወርደዋል» አሉ። «ጡት ማጥባትም ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ምላጭ ከማንሣቴ በፊት እናንተ አንድ መልስ ይዛችሁልኝ ኑ። አንቺ እስከዚያ የጡት ራጅ ተነሺ። ደግሞ ከተሠራሽ በኋላ ለሳምንታት ልጅ መሸከም የለም፤ እጅ ከትከሻ በላይ ማንሣትም የለም። ፀጉርሽን የሚያጥብልሽ ሰው ካሁኑ ፈልጊ።»

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ምን ብለህ ነው አዎ ያልከው?»

«አንቺስ ምን ብለሽ ነው አይ ያልሽው?»

«ተጠየቅሁ፣ መለስኩ።»

«እኔም ተጠየቅሁ።»

እስከ ቅዳሜ ድረስ ስለ ልጆቹ ጫማ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ስለ ሥጋ መወደድ አወራን። ስለዚያች «አዎ» ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ባሌ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ነይ፣ እንለማመድ።»

«ምኑን?»

«ፀጉሩን ነዋ። እጅ ማንሣት የለም አልተባለም?»

«ገና መች ተወሰነና!»

«ቢወሰንም ባይወሰንም ፀጉርሽ ቆሽሿል።»

ወንበር አስጠጋልኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መታጠቢያው ላይ አጎነበስኩ። ውሃው ሲወርድብኝ ትንሹ ልጃችን ሮጦ መጣ። አራት ዓመት ሞልቶትም ከላዬ ስለማይላቀቅ ሙጫ ነው የምንለው።

«አባዬ፣ እማዬን ልታሰጥማት ነው?»

«ገና አልወሰንኩም። ሂድ፣ እህትህ ጋ ተጫወት።»

እየሳቀ ሄደ። ባሌ ሻምፑ አፈሰሰብኝና ማሸት ጀመረ።

«ኧረ ቀስ! ሞተር መሰለህ እንዴ?»

«ሞተር እንዲህ አይጮህም።»

ከዚያ ጣቶቹ ለዘብ አሉ። እኔ አረፋና የመታጠቢያውን ቀዳዳ ብቻ ነው የማየው።

«ቁም ሣጥኑ ላይ ያለው ሻንጣ» አለ ከላዬ።

የሕፃን ልብሶቹ ሻንጣ ነው። የባሌ እህት ስላረገዘች አውርደህ ውሰድላት እያልኩ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ነገ» ነው።

«እሺ?»

«ስንፍና አልነበረም።»

በየሳምንቱ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ለምን እንዳልወረደ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

«ምን ያህል ትፈልጋለህ?» አልኩ ወደ ቀዳዳው።

«የእሑድ ጠዋት እንቅልፍን ያህል። እንዴት እንደሚያምረኝ ታውቂያለሽ። ልጆቹ ሲመጡብኝ ግን እነሣለሁ። ተነሥቼም አኩርፌ አላውቅም።»

«ልጅ እንቅልፍ አይደለም።»

«አይደለም። መመኘቱ የኔ ነው፤ መሸከሙ፣ ማማጡ፣ ማጥባቱ ያንቺ ነው። አይ ስትይ ከፋኝ፤ አልዋሽሽም። ግን ሳትንተባተቢ ነው ያልሽው። ከረጅም ጊዜ በፊት ጨርሰሽዋል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጠይቄሽ አላውቅም።»

«ሙጫን ጡት ያስጣልኩት ዕለት ነው የጨረስኩት» አልኩ። «ልጅ ጠልቼ እንዳይመስልህ። ሰውነቴ ለሁለቱም ሠርቷል፤ አሁን ወደኔ ይመለስ አልኩ።»

«እኔ እኮ የወደቀ ነገር አላየሁም።»

«አንተ ባታይም የምሸከመው እኔ ነኝ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ውሃውን ለቀቀው።

«ጆሮዬ! ጆሮዬ ውስጥ ገባ!»

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ይቅርታ።»

አለቅልቆ ሲጨርስ ፀጉሬን እንደ መወልወያ ጨርቅ ጠመዘዘውና በፎጣው ጠቀለለኝ። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል።

«ሻምፑ ገብቶብኝ ነው» አለ።

«ሻምፑው ያለው እኔ ራስ ላይ ነው።»

«ተረጭቶ ነዋ!»

ግንባሬን ደረቱ ላይ አስደገፍኩ። ሸሚዙ በሰበሰ፤ አልገፋኝም።

ወደ ሐኪሟ በተመለስንበት ቀን ሻንጣው ወርዶ በሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። በመንገዳችን እህቱ ቤት አደረስነው።

ሐኪሟ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «ንጹሕ ነው» አሉ። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱን። «እህ? ሌላ ልጅ?»

«አይ» አልኩ።

«አይ» አለ ባሌ።

የሱ «አይ» ምራቅ ለመዋጥ ያህል ዘግይታ ነው የመጣችው። ሐኪሟ ልብ ያሉት አልመሰለኝም፤ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ከፈቱ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ግራሶ ያልለቀቀው እጁን ፈልጌ ያዝኩ፤ እሱም ጠበቅ አደረገኝ።

«ፀጉሩንስ የሚያጥብ ሰው ተገኘ?»

«ተገኝቷል» አልኩ። «ጆሮ ውስጥ ውሃ ይጨምራል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም።»

«ጆሮዋን ገና እየተለማመድኩ ነው» አለ ባሌ።