የሱመያ ሞተር

ሰው በሰው ይቀናል፤ ያለ ነው። አሜሪካ፣ ስማይርና የምትኖረው እድላዊት ግን የቀናችው በሞተር ነው፤ ያውም ከተጋጨ መኪና ውስጥ ገና ባልወጣ ሞተር።

ባሏ ዓለምብርሃን የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ የ1969 ሙስታንግ አለችው። እድላዊትም ብትሆን መኪናዋን ትወዳታለች። ወንበሯን በእጇ የሰፋችላት እሷ ናት፤ ያንን ጥልቅ አረንጓዴ ቀለምም የመረጠችው እሷ። ዝገቱን አብረው ፍቀዋል፣ በዝገቱም አብረው ተጣልተዋል። መኪናዋ ተጠግና የተነሳች ቀን ልጆቻቸውን እህቷ ጋ ጥለው፣ ሁለቱ ብቻ ወደ ሳቫና ከተማ ሊነዱ ቃል ተገባብተዋል። የቀረው ሞተሩ ነው። የድሮው ሞተር ብሎክ ስለተሰነጠቀ ከሌላ መኪና አውጥቶ መግጠም ግድ ሆነ።

ዓለምብርሃን ሁለት አማራጭ አገኘ። አንደኛው ኢስት ፖይንት አጠገብ ካለ ጃንክያርድ፣ አሮጌ መኪና እየተፈታ ከሚሸጥበት ግቢ፣ ከአንድ አሮጌ ፒክአፕ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ከሱመያ።

ሱመያ ማለት፣ ዓለምብርሃን በዲቪ እንደመጣ አሜሪካ መንዳት ያስተማረችው ሴት ናት። አብረው ሠርተዋል፣ አብረው ተርበዋል፤ ሰዉም «ሃይማኖት ባይለያያቸው ኖሮ» እያለ ከንፈሩን ሲመጥላቸው ኖሯል። ዛሬ ባልና ልጆች፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ደግሞ ጎሚስታ ቤት አላት። እድላዊት ግን ያቺን «ባይለያያቸው ኖሮ» የምትል ቃል በገዛ ሠርጓ ዕለት ከአንዲት እንግዳ አፍ ሰምታታለች። እስከ ዛሬ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰክታ ቀርታለች።

«ሱሚን ሰው ከኋላ መትቷት፣ አዲሱን ሙስታንጓን ኢንሹራንሱ አይጠገንም ብሎ ቶታል አደረገው፤» አላት ዓለምብርሃን እራት ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። «ሞተሩን ግን ንክች አላለውም። ሙሉውን ውሰደው ብላኛለች። ሽቦውም፣ ኮምፒውተሩም፣ ካምቢዮውም ካንድ መኪና ይሆናል።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«አስብበታለሁ።»

አስብበታለሁ! ምን የሚታሰብ ነገር አለው? እድላዊት ያን ቀን ሳህን ስታጥብ ሳህኑ ምን እንዳጠፋ እንጃ።

ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይባላል፤ ለእድላዊት ግን መካኒክነት አስተማራት። የምሳ ሰዓቷን ሁሉ በዩቲዩብ ጨረሰች። በሳምንቱ ጋራዥ ወርዳ፣ «ፒክአፑ ይሻላል፤» አለችው።

«ለምን?»

«ጉልበት አለው።»

«እድልዬ፣ ሁለቱም እኮ ያው አምስት ሊትር፣ ፋይቭ ፖይንት ኦ ናቸው። የፒክአፑ ለመጎተት ነው የተሠራው፣ የሙስታንጉ ለመሮጥ። ደግሞ የፒክአፑን ማን እንደነዳው፣ እንዴት እንደያዘው አይታወቅም።»

«የማይታወቀው ይሻላል!»

አመለጣት። ዓለምብርሃን ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ብሎን መፍታቱን ቀጠለ።

ዝምታው ይብስ አንገበገባት። ይህን ነገር እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ ብላ ቅዳሜ ወደ ቡፎርድ ሃይዌይ ነዳች። ጎሚስታ ቤት ለመሄድ ሊፕስቲክ የተቀባች ሴት ካለች እሷ ናት። መንገዱን ሙሉ የእምቢታ ንግግሯን ስትለማመድ ቆየች።

ሱመያ እጇ በጎማ ጠቁሮ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠምጥማ ብቅ አለች። እንዲህ ሆናም ታምራለች፤ የሚያናድደው ይሄ ነው።

«እድላዊት! እንኳን መጣሽ፤ ስጠብቅሽ ነበር!»

ስጠብቅሽ ነበር? ትዕቢቷ! እድላዊት ፈገግታዋን አስተካከለችና የተለማመደችውን ጀመረች፤ «ሱሚ፣ ስለ ሞተሩ ነበር። ተይው፣ አናስቸግርሽም።»

ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ኖ፣ ታንክዩ» ብላ ብትመለስ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። በእኛ ቤት ግን «አናስቸግርሽም» የሚለው የሚፈልግ ሰው ነው። ጨዋ ሰው ሲሰጡት ዘሎ አይቀበልም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል። ሰጪም ጨዋ ከሆነች ትለምናለች። ሱመያ ደግሞ በደንብ ያደገች ሴት ናት።

«ምን ማስቸገር አለው!»

«አይ፣ የሚፈልገው ሌላ ሰው አይጠፋም።»

«ወላሂ ለሌላ ሰው አልሰጥም!»

«አይሆንም ሱሚ፣ የእውነቴን ነው...»

«በሞቴ! እኔ ልሙት!»

ሞት ከተጠራ በኋላ ምን ይባላል? እድላዊት አፏን ከፈተች፤ ከውስጡ የወጣው ግን እናቷ ያስተማረቻት ቃል ነበር። «እሺ፤ እግዜር ይስጥልን።» ተሳሳሙ። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን በቡጢ ስትደበድበው፣ ሱመያ ከበሩ ላይ እጇን እያውለበለበች ነበር።

ሞተሩ መጣ። ዓለምብርሃን ለብዙ ቀን ሲያጥበው፣ ሲፈታው፣ ሲያስረው ከረመ። እድላዊት ጋራዡ ውስጥ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ስታልፍ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። ሊገጠም በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከተከፈተው ኮፈን በላይ በተሰቀለበት እሑድ ግን የሚይዝለት ሰው ስላጣ ጠራት።

«እኔ እኮ ሱሚን እምቢ ብያት ነበር፤» አለ፣ ሰንሰለቱን እንደያዘ።

«መቼ?»

«'የማይታወቀው ይሻላል' ባልሽኝ ማግስት። 'እድላዊት ራሷ መጥታ ካልወሰደችው አልነካውም' አልኳት። እንደማትሄጂ እርግጠኛ ነበርኩ። ጃንክያርዱንም ፒክአፑን ያዝልኝ ብዬው ነበር። ከዚያ ሱሚ ደወለች። 'ሚስትህ ልበ ሰፊ ናት፣ መጥታ ወሰደችው' አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ለካ አትቀናብኝም አልኩ።»

እድላዊት ክው አለች። ባሏ የዘጋላትን በር ራሷ ሄዳ፣ ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ በእጇ ከፍታዋለች። አሁን ዝም ብትል ልበ ሰፊ ተብላ ትኖራለች፤ ስሙም ያምራል። እሱ ግን ይህችን ቅሬታ ይዞ ይኖራል።

«እቀናለሁ፤» አለች።

«ምን?»

«እቀናለሁ አልኩህ! ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እቀናለሁ። ስሟን ስትጠራ እቀናለሁ፤ ሱሚ ስትላት ደግሞ ይብሳል። ይሄን ብረት ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። እምቢ ልላት ሄጄ በሞቴ አለችኝ፤ ምን ላድርግ?»

ዓለምብርሃን ሞተሩ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

«ታዲያ እንመልሰው?»

«በሞቴ ተብሎ እንዴት ይመለሳል? ግጠመው!» እጇን ሞተሩ ጎን ላይ አሳርፋ ወደ ቦታው መግፋት ጀመረች። «ግን ወደ ሳቫና የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ሱሚም አትበላት፤ ሱመያ በላት።»

«እሺ።»

መኪናዋ የተነሳች ቀን ቁልፉን ያዞረችው እድላዊት ናት። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳው ላይ ወጣ። ድምፁ ያምራል፤ የሚያናድደው ይሄ ነው።