ያልተከፈተው ደብዳቤ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የየሺእመቤት በር ተንኳኳ። በመስኮት አይታ፣ ገና ሳትከፍተው ገብቷታል። በዚህ በስደት አገር፣ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ዳር ሦስት መኪና ሙሉ አበሻ፣ ያውም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ በዚህ ሰዓት የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው።

ባሏ አክሊሉ በቀይ ሽብር ጊዜ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ። የአበሻው ማኅበር ሽማግሌ ጋሼ ዘገየ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አክሊሉ አርፏል።»

እሷ ግን አላለቀሰችም። «ያየው ማን ነው?» አለች።

«ከካርቱም የመጣ ልጅ ነው የነገረን።»

«እሱስ አይቷል?»

«አብሮት ከታሰረ ሰው ሰምቶ ነው።»

«እንግዲያው እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም።»

ሴቶቹ ደረት ሊመቱ ያነሱትን እጅ የሚያሳርፉበት አጡ። መርዶ አልቀበልም የሚል ሰው በየት አገር ታይቶ! «ያ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው ያዞረባት» እየተባባሉ ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ሐሜት ሁሉ ውሸት አይደለም። ፈረንጁ ሚስተር ላውር ናቸው፤ እሷ በምትሠራበት የኢስት ፖይንት የአረጋውያን ቤት የሚኖሩ፣ አገራቸውን ሩሲያ ስትይዘው በጀልባ ያመለጡ የኢስቶኒያ ደራሲ። አራት መጽሐፍ ጽፈው የደረሱበት አንድ ነገር ነው፦ እርግጠኛ ሰው በሩን ይዘጋል፣ አላውቅም ያለ ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። የሺእመቤት ይህን ቃል እንደ ዳዊት ደገመችው። በዚያ በር አክሊሉ ይገባ ይሆናላ።

ረፋዱ ላይ ሥራ ገብታ፣ ጢማቸውን እየላጨች የሆነውን ነገረቻቸው። እሰይ ይሉኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን አልጋው አጠገብ ያለውን ቁም ሳጥን አመለከቷት።

«ከታችኛው መሳቢያ ደብዳቤ አለ፣ አምጪልኝ» አሏት።

ፖስታው ወይቧል፤ አልተከፈተም።

«ወንድሜ አገር ቤት ቀርቶ ነበር፤ ሚስቱ የላከችው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው።»

«ለምን አልከፈቱትም?»

«በዕድሜዬ ያልተጠራጠርኩት ነገር የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ደብዳቤ የያዘውን መርዶ ግን አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። ለዚህ ነው ያልከፈትኩት።»

የሺእመቤት ምላጩን አስቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሟገት የኖረው አፏ ነው፤ ልቧማ ያውቅ ነበር። አገጫቸው ላይ የቀረውን አረፋ ጠርጋላቸው ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ስልክ ሄደች።

«ጋሼ ዘገየ፣ ሺፍቴ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። ሴቶቹን ይዘውልኝ ይምጡ። ለቅሶ ልቀመጥ ነው።»

ስልኩን ሳትዘጋው እንባዋ ቀደማት። ስትመለስ ሚስተር ላውር ፖስታውን ጭናቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን ይፈልጉ ነበር።